ምክንያት፦ አልተሞላም

ትርንጎ ጎረቤቷ እትዬ ስንዱ ያቀበሏትን ዱባ ወጥ ገና ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጧ ስልኳ ጮኸ። «ገቢ፦ አንድ ሳህን ወጥ። ምክንያት፦ አልተሞላም።»

ደረሰኝ የሌለው ነገር የሰው ደፍ እንዳያልፍ ከተደነገገ ወዲህ ምክንያቱን ስልኩ ላይ ከተዘረዘሩት መርጦ የሚሞላው ሰጪው ነው። እትዬ ስንዱ ግን ዝም ብለው አልፈውታል።

«ሴትዮዋ ምን ፈልገው ነው?» አለች ለባሏ ለዳምጠው።

«ጎረቤት አይደሉ እንዴ? ብዪ ባክሽ።»

«ሽያጭ፣ ብድር፣ ውለታ፣ ሁሉም ተዘርዝሮላቸው የለም? የሚደብቁት ባይኖር አንዱን ይነኩ ነበር። ነገ ተነስተው ውለታ ነው ቢሉስ? ምን ሊያስከፍሉን ነው?»

ዳምጠው ትከሻውን ሰበቀ። እሷ ግን ወጡን ሳትቀምሰው ደፋችው። ሳህኑን አጥባ ፊት ለፊት ወዳለው በር ስትሻገር እናቷ ትዝ አሏት። የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሰው አያውቁም ነበር፤ ሌላው ቢጠፋ ቆንጠር አድርገው ጨው ጣል ያደርጉበታል። እጇ ከበዳት፤ ቢሆንም አንኳኳች።

እትዬ ስንዱ ከፈቱላት።

«ምክንያቱን ለምን አልሞሉትም?» አለቻቸው፣ ሰላም እንኳ ሳትላቸው።

አሮጊቷ አፈሩ። «ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፣ የኔ ልጅ። ‹እንዲሁ› የሚል የለውም።»

ትርንጎ ሳህኑን ዘረጋችላቸው።

«ለመሆኑ ጣማችሁ?» አሉ እትዬ ስንዱ፣ ባዶውን ሳህን እየተቀበሏት።

አፏን ሳትከፍት ስልኳ ቀደማት። «ወጪ፦ አንድ ባዶ ሳህን። ምክንያት?»