የእብነ በረዱ ደረጃ

አርክቴክቷ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም። ፍላሿን በጣቶቿ እያሽከረከረች በኮምፒውተር ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ማኩ አይሻለኝም?»

«እህቴ፣ ነገርኩሽ እኮ! የምትሠሪበት ሶፍትዌር ከዊንዶውስ ውጭ አይሠራም» አለ ባለሱቁ።

«ፕሮሰሰሩስ? ኮሩ የበዛው ይሁን ወይስ ፈጣኑ?»

«ለመሣል ፈጣኑ፤ የቤቱን ምስል እንደ ፎቶ አጥርቶ ለማውጣት ግን ኮሩ የበዛው።»

«እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው! የድሮው ማሽኔ አንድ ግድግዳ በነካሁ ቁጥር ድርቅ እያለ አቃጠለኝ። ባለቤቴ ከሆስፒታል ሳይወጣ የቤታችንን ፕላን ጨርሼ ግንበኞች ማስገባት አለብኝ።»

ባለሱቁ ከሁሉም ጉልበተኛ የሆነውን አስነስቶ ፍላሹን ሰካ። ቤቱ በስክሪኑ ላይ ወዲያው ተከፈተ። እሷ እፎይ ሳትል ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነበር፤ ድምፁ ለባለሱቁም ይሰማል።

«ፕላኑ እንዴት ሆነልሽ? የደረጃውን እብነ በረድ ነጭ አድርጊልኝ፣ እሺ? ሐኪሞቹ ትንሽ ታገስ እያሉኝ ነው እንጂ፣ እኔማ ፎቁ ላይ በሩጫ ነው የምወጣው!»

ባለሱቁ ነጩን ደረጃ ሊያይ ቤቱን በማውሱ አዟዟረው። ፎቅ የለውም። ከአጥሩ በር እስከ መኝታ ክፍሉ አንድም እርከን የለም። በሮቹ ሁሉ ዊልቸር እንዲያሳልፉ ሰፍተዋል፤ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ዙሪያ የእጅ መደገፊያ ብረት ተስሏል።

ቀና ብሎ አያት።

«ነጭ አድርጌዋለሁ፣ የኔ ጌታ» አለች በስልኩ።