ነፍሱ ሳትወጣ

በሬው አንገቱ በግማሽ ተከፍቶ ይነሳል።

እግሩን የጠፈሩበትን ገመድ የያዙት ጎረምሶች ይጎተታሉ፤ አንዱ ጭቃው ላይ በግንባሩ ይደፋል። ብርቅዬ "ወንዲ!" ብላ ስትጮህ ቀንዱ የልጇን ጭን አግኝቶታል። ወንዲ ከቆርቆሮው አጥር ጋር ይላተማል፤ ቢላው ከእጁ ይወድቃል። በሬው ሊደግመው ጎንበስ ሲል ጎረቤታቸው ፍቅረሥላሴ በመጥረቢያ ጀርባ ግንባሩን ይለዋል። አሁንም ይለዋል። በሬው ጉልበቱ ከድቶት ይወድቃል።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሲስቁ ነበር። "ሰው አታብዙብኝ" ብሎ ነበር ወንዲ፣ እጅጌውን እየጠቀለለ። "ሱሉልታ ውስጥ ከዚህ እጅ ያመለጠ በሬ የለም!" እናቱ "ይልቅ የእግዚአብሔርን ስም ጥራ" ስትለው፣ "እማዬ ደግሞ! በጸሎት ልታስተኚው ነው?" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ቢላውን ሲያሳርፍ ከንፈሩን እያየች ነበር። በስመ አብ አላለም።

አሁን ብርቅዬ ነጠላዋን የልጇ ጭን ላይ ትጠመጥማለች። ደሙ በጣቶቿ መሀል ይፈልቃል።

በሬው እየተንፈራገጠ ነው። የመንደሩ ሰው ያዋጣበት የፋሲካ ቅርጫ ነው፤ ሁዳዴን የጾመ ሁሉ ሥጋውን ይጠብቃል። ስም ሳይጠራበት ከሞተ ግን ለውሻ ነው።

የቅርጫው ሽማግሌ ኦቦ ጉታ ከዘራቸውን ተክለው ይጠይቃሉ። "ወንዲ፣ በስመ አብ ብለሃል አይደል?"

"እንዴ፣ ይላል እንጂ!" ይላል ፍቅረሥላሴ። "ስንቱን ያረደ ልጅ!"

ወንዲ እናቱን ያያል። ዝም በይልኝ የሚል ዓይን ነው። ብትናገር ከዛሬ ወዲያ ቢላ የሚሰጠው የለም። ዝም ብትል ደግሞ ስም ያልተጠራበትን ለጎረቤት ሁሉ ማብላቷ ነው። የበሬው ትንፋሽ ይቆራረጣል።

"ልጄ..." ትላለች።

ወንዲ አንገቱን ይደፋል። "አላልኩም። ረስቼውም አይደለም። ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።"



"ያ ዋቃ፣ አምላኬ!" ይላሉ ኦቦ ጉታ። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ነፍሱ ሳትወጣ!"

ወንዲ እየተንፏቀቀ ወደ በሬው ይሄዳል። ቢላውን ያነሳል፤ ይወድቅበታል። ደግሞ ያነሳል።

"አልቻልኩም" ይላል። "ያዙልኝ።"

ፍቅረሥላሴ እጁን በወንዲ እጅ ላይ ይጭናል።

"በስመ አብ..." ይላል። ትንፋሹን ስቦ ይቀጥላል፤ "ወወልድ... ወመንፈስ ቅዱስ..." ቢላው ይገባል። ትኩስ ደም የወንዲን ደረት ይመታል።

ነጠላው ከጭኑ ተፈትቷል። ወንዲ እንደተንበረከከ ይቀራል፤ ከሥሩ እየሰፋ የሚሄደው ደም የቱ የበሬው፣ የቱ የልጇ እንደሆነ ብርቅዬ መለየት ያቅታታል።