ተለዋጭ ተቀባይ

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በምሳ ሰዓት፣ ነጋን አለቃው ሰይፈ ሚካኤል በዘጠኝ ሠራተኞች ፊት «ሰባተኛ ክፍል ይዘህ ነው ከእኔ ጋር የምትከራከረው? ሂድ፣ ሽንት ቤቱን እጠብ!» ብሎታል። ነጋ ቀኑን አይረሳውም።

ሰይፈ ሚካኤል ከተቀበረ ሁለት ወሩ ነው። ነጋም በማታ ተምሮ ሁለቱ የሠሩበት ድርጅት ጡረታ ክፍል ገብቷል። በአዲሱ ሶፍትዌር ሟቾችን እየሰረዘ ቤተሰባቸውን ተቀባይ አድርጎ ይመዘግባል። የሰይፈ ሚካኤል ሚስት የሺአረግ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

«ጌታዬ፣ ዛሬስ ይሳካል? ቤት ውስጥ የሚቀመስ የለም።»

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ ማሽኑ እርስዎን አልወደደም! እስቲ አሻራዎን።»

ጣቷን አስነክታ ስታነሳ፣ እንደ በፊቱ ማሽኑን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቶ የገዛ አውራ ጣቱን ጫነበት። ሁልጊዜ ማሽኑ «አይዛመድም» ይላል፣ እሷም ተመልሳ ትሄዳለች።

ዛሬ ግን ስክሪኑ አረንጓዴ በራ፦ «ሰይፈ ሚካኤል። ባለመብቱ ራሱ ቀርቧል። ተለዋጭ ተቀባይ አያስፈልግም።»

ነጋ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ደገመ። ያው ነው። በሌላኛው እጁ ሞከረ። ያው ነው።

ቀና ሲል የሺአረግ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ፊቱን እያየችው ነው። አልደነገጠችም። ወረቀቶቿን ቀስ ብላ አጣጠፈች።

«ሰይፌ፣ ይሄን ሁሉ ቀን እዚህ ነበርክ? ተነሳ፣ ቤት እንሂድ» አለችው።

ነጋ ተነስቶ በጓሮ በር ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ወጣ።