የቀዘቀዘው ፍልውሃ

ባሕሩ የአፋርን ቆላ ካጥለቀለቀው ወዲህ መዲና የምትኖርባት መንደር የወደብ ከተማ ሆናለች። መብራቷ የሚመነጨው ከምድር ሙቀት ነው። ሙቀቱ ግን በቧንቧ ወደ ኃይል ማመንጫው እየተሳበ ስለሚወሰድ፣ በባሕሩ ዳር ያለው ፍልውሃ ቀዝቅዟል።

የመዲና ዓይነ ስውር ባል ሐንፈሬ ይህን አያውቅም፤ መዲና ደብቃዋለች። ሕመሙ ሲጠናበት ግን፣

"አንዴ ፍልውሃው ውሰጂኝና ከዚያ የመጣው ይምጣ" አላት።

በማግስቱ በኤሌክትሪክ ምድጃዋ ውሃ አፍልታ ፔርሙዞቿን ሞላች። ደግፋ ወሰደችውና ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። የፈላውን ውሃ ቀስ ብላ አለት በከበባት ትንሽ ኩሬ ውስጥ፣ ከቀዘቀዘው የፍልውሃው ውሃ ላይ ገልብጣ እግሮቹን ነከረችለት።

የሐንፈሬ ፊት ፈታ አለ። መዲና ወደ እሱ ጎንበስ ብላ፣

"እንደ ድሮው ነው?" አለችው በፍርሃት።

"ድሮማ ከሩቅ ሲንተከተክ ይሰማ ነበር" አለ እጇን ፈልጎ እየያዘ። "ዛሬ የሰማሁት የፔርሙዝ ክዳን ሲከፈት ነው።"

የመዲና እንባ ወረደ።

"አታልቅሺ። ነይ፣ እግርሽን እኔ ጋ አስገቢ፤ ሳይቀዘቅዝ።"

ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች። ውሃው በርዶም አንዳቸውም አልተነሱም።