ቋጠሮውን አይንኩት

ለሊሴ ልደታ ሰፈር የሚገኝ አንድ አሮጌ ፎቅ በገመድ ተንጠልጥላ ልትቀባ ጣሪያው ላይ ወጣች። አለቃዋ መሐሙድ ገመዷን የውሃ ሮቶው በተቀመጠበት ብረት ላይ እንድታስር አዘዛት።

«ዝጓል፣ ጋሼ። እኔን አይችለኝም። ከኮንክሪት ምሰሶው ጋር ነው የማስረው» አለች።

«እምቢ ካልሽ፣ ብትወድቂም የራስሽ ጉዳይ ነው» ብሎ በንዴት ደረጃውን ወረደ።

ለሊሴ ገመዱን ምሰሶው ላይ አጥብቃ አሰረችና በግድግዳው ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ወደ መሃል ስትደርስ ገመዱ ከላይ ተነቃነቀ፤ ትንሽም ላላ።

«ብረቱ ላይ እሰሪ አላልኩሽም?» አለ የመሐሙድ ድምፅ ከጣሪያው።

«ጋሼ፣ ቋጠሮውን አይንኩት» አለች፣ ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ።

መሐሙድ ከታች፣ ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ መለሰላት።

«እኔማ እዚህ ነኝ። ያ ገመድሽን የሚፈታው ሰውዬ ማነው?»