የመጨረሻው ሳንቃ

አናጢው የመጨረሻውን ሳንቃ ቫርኒሽ ቀብቶ ቀና ሲል፣ ጀርባው የሴትዮዋን የወጥ ቤት በር ነካ። ከፊቱ በረንዳው እንዳለ እርጥብ ነበር፤ መውረጃው ደረጃ ማዶ ቀርቷል። ሠላሳ ዓመት በረንዳ ሲያድስ ለኖረ ሰው፣ ከበሩ ተጀምሮ ደረጃው ላይ እንደሚጨረስ ጠፍቶት አልነበረም።

በሩ ከኋላው ተከፈተ። «ዘንድሮም መውጫ አጡ?» አለች ሴትዮዋ፣ ሳቋን እየዋጠች።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ እርጅና ነው።» የጠረገውን ብሩሽ መልሶ ጠረገ።

«ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት ሰዓት።» አምና ሁለት ነበር ያለው።

«በዋናው በር እንዳላስወጣዎ ቁልፉ ጠፍቶብኛል። እንግዲህ ገብተው ይቀመጡ።»

ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል፣ ከሽርጧ ኪስ የቁልፉ ቀለበት ብቅ ብሎ ታየው።

«አይቸኩሉ፣ ይገኛል» አለ፣ የጫማውን ማሰሪያ ቀስ ብሎ እየፈታ።