የዳህቦ ካሴቶች ጠባቂ

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሐርጌሳ ውስጥ፣ በኤልሚ ዴሬ ሳሎን ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኤልሚ ራሱ፣ ልጁ ኡባህ እና የወንድሙ ልጅ ጉሌድ። የታመመች ግመል እንደሚከብ ሰው ኮምፒውተሩን ከበው ቆመዋል።

ኡባህ ካሴቶቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጡበትን ቦታ ከፈተች። ባዶ ነው። እስከ ትናንት ሠላሳ ስምንት ድምፆች ነበሩበት። ኤልሚ ጅዳ በጉልበት ሥራ ላይ ሳለ ሟች ሚስቱ ዳህቦ ከስደተኞች ጣቢያ በደብዳቤ ፋንታ እየቀዳች ትልክለት የነበሩት ናቸው። ካሴቶቹን ሙቀትና አቧራ ከመጨረሳቸው በፊት ወደ ኮምፒውተር የገለበጠቻቸው ኡባህ ናት። ሌላ ቅጂ የለም።

"ጠፉ?" አለ ኤልሚ።

"ቫይረስ ነው፣ አባ። ሳይደብቃቸው አልቀረም። ደህና ጠባቂ፣ ቫይረስ የሚገድል ፕሮግራም ካስገባን እናገኛቸዋለን። የማይሆን ከገባ ግን ጭራሽ ይበላቸዋል።"

ጉሌድ ከሸሚዙ ኪስ ፍላሽ አወጣ። "ደህና ጠባቂ ይኸውላችሁ። ትልልቅ ድርጅቶች በዶላር የሚገዙት ነው፤ ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉን ሰብረው ሰጡኝ። ኡባህ ያመጣችው የነፃውን ነው።" ወደ አጎቱ ዞረ። "እስቲ አዴር፣ በነፃ የተሰጠ ግመል አይተህ ታውቃለህ?"

"አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።"

"እኮ፤ እኔስ ምን አልኩ።"

ኤልሚ ተቀመጠና በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። በከብት ገበያ ሠላሳ ዓመት ደላላ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ገበያ ደላላ ለሻጩ ዋስ ነው፤ የተሸጠችው ግመል የተሰረቀች ሆና ከተገኘች የሚጠየቀው እሱ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በኤልሚ ዋስትና የተሸጠ እንስሳ ላይ "የኔ ነው" ብሎ የመጣ ሰው የለም። ኮምፒውተር አያውቅም። ማጣራት ግን ያውቃል።

"ያንቺ የማነው?" አላት።

"የሠሩት ሰዎች ስማቸውም አድራሻቸውም የታወቀ ነው። ከሰው እጅ አልተቀበልኩም፤ አድራሻቸውን ራሴ ጽፌ ከራሳቸው ቤት፣ ከድረ ገጻቸው ነው ያመጣሁት።"

"ማን መሰከረለት?"

"ሥራቸው ይህን መመርመር የሆነ ሰዎች አሉ። ጠባቂዎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት በሽታ ይፈትኗቸዋል። ሦስት ቦታ አነበብኩ፤ ሦስቱም ጋ አልፏል።"

"ታዲያ ለምን በነፃ ይሰጡናል?"

ኤልሚ የጠበቀው እዚህ ላይ እንድትደናቀፍ ነበር። እሷ ግን ፈጠን ብላ መለሰች። "ትልቁን ለድርጅት ይሸጣሉ፤ ትንሹን ስማቸው እንዲታወቅ ለየቤቱ ይሰጣሉ። አልፎ አልፎ ትልቁን ግዙ እያለ ይነዘንዛል። አንገዛም እንለዋለን።"

"እንደ ጉሌድ ማለት ነው፤ እየነዘነዘ ይጠብቃል" አለ ኤልሚ። ከዚያ ወደ ጉሌድ ዞረ። "ያንተስ የማነው?"

"ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ።"

"ለእሱስ ማን ሰጠው?"

"አንድ ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ።"

"ለእሱስ?"

ጉሌድ ፍላሹን ወዲያ ወዲህ አገላበጠው። በዚህ አገር የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ አባቶቹን እስከ አሥር ይቆጥራል፤ የጉሌድ ጠባቂ ሦስተኛው ላይ ዘሩ አለቀበት።

"ሲገባ ምን ያዛል?" አለች ኡባህ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለአባ ንገረው።"

"ያው... መጀመሪያ ያለውን ጠባቂ አጥፉ ይላል።"

ኤልሚ ሳቀ። "እረኛውን አባሩልኝና በረቱን ክፈቱልኝ የሚል ሰው፣ እኛ ጋ ስሙ ሌላ ነው።" በበትሩ ጫፍ ወደ ኡባህ ጠቆመ። "ያንቺን አስገቢ።"

ነፃው ጠባቂ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ኤልሚ ግን አልጨረሰም። "አሁን የጉሌድን ፍላሽ ስኪው። ገበያ የመጣ ከብት ሁሉ ጥርሱ ይታያል።"

ፍላሹ እንደገባ የኮምፒውተሩ መስኮት ቀላ። ገና ምንም ሳይከፈት ጠባቂው ሁለት ቫይረስ ይዞ አሳያቸው። አንደኛው ኮምፒውተሩን ያሳመመው ራሱ ነው።

"ትናንት የሠርግ ቪዲዮ ያመጣህልን ፍላሽ ይኸው አይደለም?" አለ ኤልሚ።

ጉሌድ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

"አንቺስ ታውቂ ነበር?" አለ ኤልሚ ወደ ኡባህ ዞሮ።

"ጠርጥሬ ነበር" አለች ኡባህ። "ግን የአጎቴ ልጅ ነው፤ ቤታችን ተቀምጦ ሳለ እንዴት እላለሁ።"

ኤልሚ ልጁን ትክ ብሎ አያት። ዋስ ሆኖ ሲቆም እሱም እንዲህ ነበር፤ አጣርቶ ያልጨረሰውን አይናገርም፣ ሰው አያዋርድም።

ጠባቂው አጽድቶ ሲጨርስ ቦታው አሁንም ባዶ ነበር። "በሽታውን ገደለ እንጂ የደበቀውን አላወጣም። ይህ የኔ ሥራ ነው" አለች ኡባህ፤ አንድ መስመር ትእዛዝም ጻፈች። ካሴቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ኤልሚ በጣቱ ቆጠራቸው፤ ሠላሳ ስምንት።

"ሰባተኛውን" አለ።

መጀመሪያ የንፋስ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የዳህቦ። "ኤልሚ፣ ልጅህ መናገር ጀምራለች። ይህ የማነው፣ ያንን ማን ሰጠህ እያለች ጣቢያውን ሁሉ አስቸገረች። ወንድ ይሆናል ብለህ የተመኘኸው ደላላ ይህችው ናት።"

ኡባህ አንገቷን ደፋች። ጉሌድ ጉሮሮውን ጠረገና "እህቴ፣ እንግዲህ የኔንም ቤት ኮምፒውተር ታዪልኛለሽ" አላት።

በማግስቱ ኤልሚ ወደ ከብት ገበያ ሄዶ ልጁ ያደረገችውን ለደላሎቹ አወራ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሦስት ደላሎች ኮምፒውተራቸውን በኩታ ጠቅልለው፣ ኡባህን ፍለጋ የኤልሚ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር።